«እሷኑ ነው የሚያስሯት»

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቺቺኒያ ሰፈር፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነን። ቅንድቧ የተሰነጠቀ ልጅ ደሟን በሶፍት ይዛ ፋሻና አልኮል ትገዛለች። ፋርማሲስቱ «ፖሊስ ጋ ሂጂ እንጂ» ሲላት ጓደኛዋ ቀደመቻት፦ «ሄዳ ምን ልትል? ቢዝነስ ላይ ነበርኩ ልትል? እሷኑ ነው የሚያስሯት።» ወረፋ የያዝነው ሰዎች ዝም አልን። ሁላችንም እውነቷን ነው ያልን ይመስለኛል።

እውነቷን አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ገላዋን ስለሸጠች ብቻ ሴትን የሚቀጣበት አንቀጽ የለውም። መንገድ ላይ ሰው ማስቸገርና ሰፈር ማወክ በደንብ መተላለፍ ያስጠይቃል፤ ምናልባት ወሬው የመጣው ከዚያ ይሆናል። የሕጉ ዋና በትር ያረፈው ግን ከጀርባዋ ባሉት ላይ ነው። አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውን፣ ለዚሁ ተብሎ ቤት የከፈተውንም ይቀጣል። ሕጉ ሲወጣ አንቀጽ 635 ሴት መልምሎ ወደ ሥራው የሚያስገባው ደላላ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ እሷ ፈቅዳ ቢሆን እንኳ።

እስቲ እነዚያን ቤቶች አስቡ። ለሾርት ይህን ያህል፣ ለአዳር ይህን ያህል ይባላል፤ የአልጋው ተቆርጦ ለባለቤቱ ይገባል፣ ለደላላውም የድርሻው አለው። ሕጉ ወንጀለኛ የሚላቸው እነዚህን ነው። ሰፈሩ ግን ባለቤቱን «ጋሼ» እያለ ከወንበሩ ይነሳለታል፣ ስድቡ ለልጅቷ ይተርፋል።

«ሸጣ እያለች እንዴት ተደፈርኩ ትላለች?» የሚለው ከሁሉም ያናድደኛል፤ ተማረ ከተባለ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 የተደፈረችው ሴት ሥራዋ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ገንዘብ ተቀብላ ሐሳቧን ብትቀይር የሚነሳው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ገላዋ የከፋዩ ንብረት አይሆንም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ «ፈቅዳ ነው» ማለት ጭራሽ አያድነውም።

«ጣልያን ያመጣው ነው» የሚሉም አሉ። በወረራው ዘመን ሥራው መስፋፋቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የሴተኛ አዳሪነትን ታሪክ ሲያጠኑ ከወረራው ብዙ ቀድሞ የነበረ ሆኖ አግኝተውታል።

ቃሉ ራሱ ነገር አለው። አርሶ አደር አርሶ ይኖራል፣ አርብቶ አደር አርብቶ ይኖራል፤ ሴተኛ አዳሪም ከዚያው «አደረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። እኔ ስሰማው ኃጢአቱ ሳይሆን እንጀራው ይሰማኛል።

ኃጢአትስ አይደለም ወይ? ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ነው ይላሉ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ሃይማኖት ሴትየዋን ያባርራል ከሚለው ጋር ነው። የኦርቶዶክስ ስንክሳር የምታስባት ግብጻዊት ማርያም በእስክንድርያ ለዓመታት በዝሙት ኖራ በንስሓ ቅድስት የሆነች ናት። በእስልምናም ውሃ የጠማው ውሻ አይታ በጫማዋ ቀድታ በማጠጣቷ ምሕረት ስላገኘች ሴተኛ አዳሪ የሚናገር ሐዲስ አለ። ኃጢአት ያሉትን ኃጢአት እያሉ ለሴትየዋ በሩን አልዘጉም።

«ውጭ አገር እኮ የተፈቀደ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ የትኛው ውጭ? ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ላስ ቬጋስ ሁሉ የሚፈቀድባት ከተማ ትመስላለች፤ ሆኖም ኔቫዳ ፈቃድ ያላቸውን ቤቶች የምታስተናግደው በአንዳንድ የገጠር ካውንቲዎች እንጂ በላስ ቬጋስ አይደለም። እስራኤል በ2020 እ.ኤ.አ. ገዢውን መቅጣት ጀመረች። መንገዱን የጀመረችው ስዊድን ናት፤ በ1999 እ.ኤ.አ. መግዛትን ወንጀል አድርጋ ሻጯን ተወቻት፤ ሥራው ራሱ በሴት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው ብላ። ኒውዚላንድ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቃራኒውን መረጠች፤ ሥራው ሥራ ይባል፣ ሴቷም የሠራተኛ መብት ይኑራት አለች። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በሴቷ ስም ነው። እኔ ደላላውን ሳስብ ወደ ስዊድን፣ ፋርማሲ ያየኋትን ልጅ ሳስብ ወደ ኒውዚላንድ አዘነብላለሁ።

የኒውዚላንዱ ሕግ ያለፈው 60 ለ59 በሆነ ድምፅ ነው። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በምክር ቤቱ የነበረው ብቸኛ ሙስሊም አባል አሽራፍ ቾውድሪ። «አይሆንም» ብሎ ቢሆን ኖሮ 60 ለ60 ሆኖ ሕጉ ይወድቅ ነበር።