«ጌታ ነገረኝ» ሲባል ኪሳራው የማነው?

«ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ነገረኝ።» «ሥራህን ልቀቅ ይልሃል።» ጴንጤ ቤት ላደገ ወጣት እንዲህ ያለ ንግግር እንግዳ አይደለም። ኦርቶዶክስ ቤትም ቢሆን «በራእይ ታየኝ» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ይሄ ከተባለ በኋላ ውይይት የሚባል ነገር ማብቃቱ ነው። እምቢ ካልክ የተከራከርከው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከፈጣሪ ጋር ይመስላል።

ክርስቲያኖች ራሳቸው እዚህ ላይ አይስማሙም። አንዱ «እግዚአብሔር ዛሬም ለእያንዳንዱ ሰው ይናገራል» ይላል። ሌላው «መጽሐፉ ይበቃል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከቤተክርስቲያን ትምህርት ውጪ የመጣ ራእይ አይታመንም» ባይ ነው። እኔ ይህን ክርክር አልዳኝም። ኢኮኖሚክስ ስማር የለመድኳት አንዲት ጥያቄ ግን እዚህም ትሠራለች፦ ነገሩ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ማን ይከስራል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 እና 21ን አንብቡ። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም የምሄደው በመንፈስ ታስሬ ነው ይላል። ጢሮስ ሲደርስ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በዚያው መንፈስ «አትሂድ» ይሉታል። ቀጥሎ ቂሣርያ፣ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባጠመቀው በፊልጶስ ቤት፣ ነቢዩ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር አስሮ የሚጠብቀውን እስር ያሳየዋል። ሁሉም የሰሙት አንድ ነው፤ ጳውሎስ ይታሰራል። የተለያዩት «ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚለው ላይ ነው።

ልብ በሉ፣ ማንም ማንንም ሐሰተኛ ነቢይ አላለም። ለመኑት፣ አለቀሱ፤ እምቢ ሲላቸው የጌታ ፈቃድ ይሁን ብለው ዝም አሉ። አብረውት የሄዱም አሉ። ደግሞም የሚታሰረው ራሱ ጳውሎስ ነው። ሰማሁ ያለው ሰው ዋጋውን በራሱ አካል ከፈለ።

ሁሌ ግን እንዲህ አይደለም። አሜሪካዊው ገበሬና ሰባኪ ዊልያም ሚለር ከትንቢተ ዳንኤል አስልቶ የክርስቶስ መምጫ ደርሷል ብሎ ሰበከ። በመጨረሻ እንቅስቃሴው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ቆረጠ። ሰብላቸውን ሳያጭዱ የጠበቁ ገበሬዎች ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ሚለር በቀን ስሌቱ መሳሳቱን አምኗል። ያልታጨደው ሰብል ግን የሚለር አልነበረም።

የዛሬው ደግሞ ባሰ። በቲክቶክ ላይቭ ለሺህ ሰው ትንቢት የሚናገር ሰው ሳይሆንለት ቢቀር ቪዲዮውን ያጠፋል፣ በቃ። ሥራውን የለቀቀው ልጅ ግን የቤት ኪራዩ አይጠፋለትም። መሳሳት ምንም የማያስከፍለው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ቢናገር አይገርምም።

ጳውሎስ ራሱ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉንም ግን መርምሩ ብሎ ጽፏል። ሁለቱም አብረው ነው የታዘዙት። ስለዚህ «ጌታ ነገረኝ» ሲሏችሁ መሳለቅም መርበድበድም አያስፈልግም። ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፦ የተነገረው ስለ ራሱ ሕይወት ነው ወይስ ስለ እኔ? ባይሆን እሱ ምን ያጣል? አስቤበት፣ ቤተሰቤን ወይም የንስሐ አባቴን ላማክር ስል ይቆጣል?

የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። «ሚስቴ ነሽ» የተባለችውም እህት «ለእኔም እስኪነግረኝ ልጠብቅ» ብትል እምነት አጣች አይባልም። የምትኖረው ትዳር የእሷም ነው።