ፕላስቲክ የሚሠራው ባክቴሪያና የዋጋው ነገር
እኛ ስብ እንደምናጠራቅመው፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ስኳር ተርፏቸው ናይትሮጅን ሲያጥራቸው በውስጣቸው ፕላስቲክ ያከማቻሉ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሌሟኝ ይህን የደረሰበት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ኋላ ተመራማሪዎች የዚህን ሥራ ሦስት ጂኖች ኢ. ኮላይ ውስጥ ከተው እሱንም ፕላስቲክ አሠሩት። አፈር ላይ ሲጣል ሌሎች ተሕዋስያን ይበሉታል።

ታዲያ ፌስታላችን ለምን አልተቀየረም? ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ ቶሎ የማየው ዋጋውን ነው። አንድ ኪሎ ለማምረት ሦስት ኪሎ ገደማ ስኳር ይፈጃል። ፕላስቲኩን ከባክቴሪያው ማውጣትም ሌላ ወጪ ነው። ሜታቦሊክስና ኤዲኤም የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች አዮዋ ላይ በዓመት 50,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ አቆሙ፤ በ2012 ኤዲኤም ወጪውና ገበያው አላስተማመነኝም ብሎ ወጣ።

ከነዳጅ የሚሠራው ፕላስቲክ ግን እውነት ርካሽ ነው? የተደፈነውን ቦይ የሚያስጠርገው፣ ፌስታል የዋጠች ላሙ የምትሞትበት ሌላ ሰው ነው። ያ ኪሳራ ዋጋው ላይ እስካልተጨመረ ድረስ፣ ባክቴሪያው የቱንም ያህል ቢሻሻል ውድ እንደተባለ ይኖራል።