ከአዳራሽ ወደ መማሪያ ክፍል፦ የአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ጉባኤ ፋይዳና ወሰን

በአዲስ አበባ ከኡራኤል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መስመር፣ አትላስ በሚባለው ሰፈር ያሉ የሆቴል አዳራሾች ከሠርግና ከንግድ ስብሰባ ሌላ የሙያ ጉባኤዎችንም ያስተናግዳሉ። የእንዲህ ያለ ጉባኤ ሥርዓት በትምህርቱ ዘርፍ ላለ ሰው እንግዳ አይደለም። ስም ይመዘገባል፣ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፣ ሰነድ ይቀርባል፣ ከሻይ በኋላ የቡድን ውይይት ይካሄዳል፣ በመጨረሻም የጋራ አቋም ይነበባል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ከአዳራሹ ምን ይዞ ይገባል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር የሚመራው እነዚህ ሕፃናት የሚማሩበትን ቤት ነው።

ርዕሰ መምህር የሚለው ስያሜ ራሱ የመምህራን ራስ ማለት ነው፤ ሙያው ከማስተማር ሥራ እንደሚነሳ ይመሰክራል። በተግባር ግን በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተጀመረው ያልተማከለ አስተዳደርና የ1994ቱ የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ብዙ ኃላፊነት ወደ ትምህርት ቤት አውርደዋል። በጀት፣ ንብረት፣ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በኋላም በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ የርዕሰ መምህሩን ቀን ይሻማሉ። የጉባኤ አጀንዳዎችም ወደዚሁ ቢያዘነብሉ አያስገርምም፤ አስተዳደራዊው ጉዳይ በአኃዝ ሊቀርብ ይችላል፣ የክፍሉ ጉዳይ ግን በቀላሉ በሪፖርት አይያዝም።

ሮቢንሰን፣ ሎይድና ሮው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናታዊ ቅንብር እዚህ ላይ ይጠቅማል። አምስት የአመራር ዘርፎች በተማሪዎች ውጤት ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ሲያነጻጽሩ፣ ከፍተኛው ተጽዕኖ (0.84) የተገኘው መሪው የመምህራንን የሙያ ትምህርት ሲያበረታታና ራሱም ሲሳተፍበት ነው። ሥርዓት ያለውና ደጋፊ የትምህርት ቤት አካባቢ መፍጠር 0.27 ብቻ አግኝቷል። የተቀናበሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ከአሜሪካ የመጡ በመሆናቸው አኃዙን እንዳለ ወደ ቦሌ ማምጣት አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ሊታለፍ የሚችል አይደለም። ወሳኙ «ራሱም ሲሳተፍ» የሚለው ነው፤ መምህራንን ወደ ሥልጠና የሚልክ መሪና አብሯቸው የሚማር መሪ አንድ አይደሉም።

ጉባኤው የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ መልእክቱ የሚተላለፈው በተዋረድ ነው፤ ቢሮው ለክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለመምህራኑ። በየእርከኑ ጊዜው ያጥራል፣ ምሳሌው ይቀራል፣ የሚደርሰው የተንሸራታች ምስል ቅጂ ይሆናል። ለሦስት ቀን የተወያየበትን ጉዳይ ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በተጠራ የአንድ ሰዓት ስብሰባ ያቀርባል። «ምርጥ ተሞክሮ» የሚባለውም ተመሳሳይ ዕጣ አለው፤ ውጤቱ ይነገራል፣ ውጤቱ እንዴት እንደመጣና በመንገዱ ምን እንደከሸፈ ግን እምብዛም አይነገርም።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ሁኔታ ችግሩን ያጎላዋል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲዋቀር፣ እንደ ቦሌ አራብሳ ያሉ ነዋሪ በአጭር ጊዜ የገባባቸው የጋራ መኖሪያ መንደሮች በሥሩ ሆኑ። በእነዚህ ሰፈሮች ያለ ትምህርት ቤት ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆችን ይቀበላል፤ በአትላስ ዙሪያ ያለ ነባር ትምህርት ቤት ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ለሁለቱም አንድ ሰነድ ማቅረብ አንዱን ያለ መልስ ማሰናበት ነው።

አማራጩ ጉባኤን መተው አይደለም። መዋቅሩ አስቀድሞ አለ፤ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች የሚሰባሰቡበት የጉድኝት ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ለመምህራን በዓመት 60 ሰዓት የተመደበለት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ። በ26 ስታንዳርዶች ላይ የተመሠረተው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍም ስለየትምህርት ቤቱ ማስረጃ ይሰጣል። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ይዞ ቢመጣ፣ ተመሳሳይ ድክመት ያለባቸው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላም በጉድኝቱ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ቢመለከት፣ አዳራሹ የሥራው መጀመሪያ ይሆናል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ በአዳራሽ በሚውልባቸው ቀናት ትምህርት ቤቱን የሚመራው ምክትሉ ነው፤ የመማር ማስተማሩ ክትትል በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚወድቀውም በምክትሉ ትከሻ ላይ ነው። ስለ መማር ማስተማር የሚመክር ጉባኤ ምክትሉን ሳይጠራ ከቀረ፣ ውይይቱ የሚካሄደው ክፍሉን በየዕለቱ የሚከታተለው ሰው በሌለበት ይሆናል።