ድንጋዩም ይጮኻል

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ፣ በሻንጣው ውስጥ ከልብሱና ከቫይታሚኑ ጠርሙስ ጋር አንድ የተነቃቀለ ዘንግ ይዞ መጣ። ገጣጥሞ ሲያቆመው በአንዱ ጫፍ ሞላላ ሳህን የመሰለ ፕላስቲክ፣ በሌላው ጫፍ እጀታና ትንሽ ስክሪን ያለው መሣሪያ ሆነ። በማግስቱ በጎንደር አካባቢ ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ያለው የቤተሰቡ ማሳ ላይ ይዞት ወጣ። ጤፉ ታጭዶ አውድማ ገብቷል፤ መሬቱ ባዶውን ነው። ሦስት እርምጃ ሳይራመድ መሣሪያው ጮኸ። ቆፈረ፤ ምንም የለም። ፈንጠር ብሎ ሞከረ፤ አሁንም ጮኸ። ቆፈረ፤ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ። ዳር ቆመው ሲያዩት የቆዩ አንድ አዛውንት አላስቻላቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ፍለጋ ከሆነማ ይህን ሁሉ ባሕር ምን አሻገረህ? የአገሩ ስም ራሱ ነግሮህ የለም?»

«አያ፣ ብረት ነው የሚፈልገው» አላቸው።

«እንግዲያውስ አልተግባባችሁም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መሣሪያው ግን አልተሳሳተም ነበር። እንዴት እንዳልተሳሳተ ለመረዳት እኔና የአጎቴ ልጅ አንድ ሳምንት ፈጀብን።

የከተማ ሰው የዚህን መሣሪያ ታናሽ ወንድም በደንብ ያውቀዋል። ባንክ ወይም ሆቴል በር ላይ ጥበቃው እጅህን አስዘርግቶ ከብብትህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ የሚያወርደው፣ ቀበቶህ ጋ ሲደርስ የሚንጫረረው ጥቁር ዱላ ማለት ነው። ወርቅ በሚቆፈርባቸው አካባቢዎች ደግሞ ታላቅ ወንድሙ አለ፤ ቆፋሪዎቹ ባጭሩ «ማሽን» ይሉታል። ዋጋውም በሺዎች ዶላር ነው። የኛው መካከለኛው ነው፤ ጋሬት ኤስ 250 የሚባል፣ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ጀማሪ የሚለማመድበት ርካሽ ዕቃ።

ሳህኑ ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ሁለት ጥቅል። በአንደኛው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 6,500 ጊዜ እየተመላለሰ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። አንድ ሳንቲም እዚያ መስክ ውስጥ ሲገባ በገላው ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሡበታል፤ አዙሪቶቹም በተራቸው ደካማ መስክ ይመልሳሉ። ሁለተኛው ጥቅል ጆሮ ነው፤ የሚጠብቀውም ያንን መልስ ነው። መልሱ የሚመጣው ጥቂት ዘግይቶ ሲሆን፣ የመዘግየቱ መጠን እንደ ብረቱ ዓይነትና ውፍረት ይለያያል። መሣሪያው ይህን መዘግየት መዝኖ ለምስማር ወፍራም ድምፅ፣ ለብርና ለመዳብ ደወል የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ ስክሪኑም ላይ ምስማር ወደ ግራ፣ ብር ወደ ቀኝ ይታያል። ጠቅላላ ዕውቀቱ ይህ ነው። «ወርቅ አገኘሁ» ብሎ የሚናገር ርካሽ ማሽን የለም፤ ውዱም ቢሆን አይናገርም።

የሚያስቸግረው ግን ብረቱን መስማት ሳይሆን የቀረውን አለመስማት ነው። ቴሌፎንን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን ያየው ገና ከጅምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው፣ ጥይቱ ከገላቸው የት እንደገባ ሐኪሞቹ ማግኘት አቃታቸው። ቤል ከሽቦ ጥቅልና ከቴሌፎን ማዳመጫ የሠራውን መሣሪያ ይዞ አልጋቸው ድረስ ሄደ። መሣሪያው ቤተ ሙከራ ውስጥ በደንብ ይሠራ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ግን ጥይቱን ሊለይ አልቻለም። ዋና ሐኪማቸው በቀኝ ጎናቸው በኩል ብቻ እንዲፈተሽ ፈቀዱ፤ ፍራሻቸው ደግሞ በጊዜው ብርቅ የነበረ ባለ ብረት ሞላ ነበር። ጋርፊልድ በመስከረም ወር ሞቱ።

የትክል ድንጋይ መሬት እንደዚያ ፍራሽ ነው። ከጎንደር እስከ ስሜን ተራራ ያለው ደጋ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ሆድ ፈልቶ በወጣና በረጋ ቅልጥ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ያ ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ይባላል፤ በውስጡ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ሞልቷል። ድንጋዩ ሲበሰብስ የሚሰጠው ቀይ አፈርም ያንኑ ይወርሳል። የሬዲዮ ማግኔት አፈሩ ውስጥ ብታሽከረክር ጥቁር ጺም አብቅሎ ይመጣል። ስለዚህ አያ የቀለዱበት ድንጋይ በእውነትም ይጮኻል። እሳት የከረመበት አፈርም እንዲሁ ነው፤ የተቃጠለ አፈር የማግኔት ጠባዩ ስለሚጨምር፣ ፈርሶ የተረሳ ጎጆ ምድጃ ያለ አንዳች ብረት ሊንጫረር ይችላል። (ይህን ካወቅሁ ወዲህ ባዶ ጉድጓድ አያናድደኝም። ጉልቻ ተጎልቶበት የነበረ ቦታ ይሆናል እላለሁ።)

ውድ መሣሪያዎች የመሬቱን ጩኸት ለይተው የሚያጠፉበት ማስተካከያ አላቸው። ኤስ 250 ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተስተካክሎ የሚወጣ ነው፤ ያውም ለኛ አፈር አይደለም። መላው እንግዲህ የሰው ነው። መጀመሪያ የትብነቱን መጠን ዝቅ ማድረግ፤ ጀማሪ ሁሉ ግን እንደ ሬዲዮ ድምፅ እስከ ጥግ ከፍ ያደርገውና ማሽኑ አብዷል ይላል። ቀጥሎ ሳህኑን ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ፣ እንደ መጥረጊያ ጫፍና ጫፉን ሳያነሡ፣ በዝግታ ማመላለስ። ከዚያ መስማት። የድንጋይ ጩኸት የተዛባ ነው፤ ከቀኝ ስትመጣ ይጮኽና ከግራ ስትመለስ ያመነታል፣ ወይም ቦታውን ይቀይራል። ብረት ግን ከየት ብትመጣበት እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ይደግማል። ዞር ብለህ በመስቀለኛ ስታልፍበትም ከደገመ፣ ያን ጊዜ መኮትኮቻ ይነሣል።

እኛ ይህን የተማርነው በጓሮ ነው። አንድ የብር ሳንቲም፣ አንድ ምስማር፣ አንድ ቆርኪ በአምስት፣ በአሥርና በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብረን ምልክት አደረግንባቸውና በየተራ እየተመላለስን አዳመጥን። አሥራ አምስቱ ላይ ሳንቲሙ በሹክሹክታ ነበር የሚመልሰው። ሦስት ሜትር ድረስ ወርቅ ያያል እያለ ማሽን የሚሸጥ ሰው ካጋጠመ በደህና ዋል ብሎ ማለፍ ነው። በእጅ ይዘውት ወደ ሀብቱ አቅጣጫ ይዞራል ስለሚባለው አንቴና ደግሞ አለመናገር ይሻላል። እንግሊዝ አገር ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል ነጋዴ፣ ለጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ የሚሸጥን አሻንጉሊት መሰል ነገር ቦምብ ጠቋሚ ነው እያለ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች ቸብችቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከማሳው ያወጣነው ምንድን ነው? የቆርቆሮ ምስማር፤ ብዙ። የተሰበረ የማረሻ ጫፍ። የዣንጥላ ሽቦ። ምላጭ፤ ጣት ቆርጧል። ቆርኪ፣ የሰርዲን ጣሳ፣ ሆዱ የፈሰሰ የባትሪ ድንጋይ፣ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት። ሦስት ቀለህ። ማርትሬዛ የለም፤ ወርቅ የለም።

ወርቅስ ባይኖር አይገርምም። በቤኒሻንጉል፣ በትግራይ፣ በሻኪሶ በኩል ወርቅ ያለው ከዚህ ባሳልት እጅግ ቀድሞ በተፈጠረ ጥንታዊ ዐለትና ከእርሱ በታጠበ አሸዋ ውስጥ ነው። እዚህ ያ ዐለት ቢኖርም በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ጥቁር ድንጋይ ሥር ነው። ማርትሬዛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈባቸው እነዚያ የኦስትሪያ ብሮች በኛ ገበያ የገቡት በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው፤ በሕግ ከገበያ የወጡት በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲመጣ ነው። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ባንክ ባልነበረበት፣ ወታደርና ሽፍታ በሚመላለስበት አገር ሰው ብሩን በገንቦ አድርጎ ከመደብ ሥር ይቀብር ነበር፤ ምሥጢሩን ለልጁ ሳይነግር የሞተም ሞልቷል። በዚህ ላይ «ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ» የሚባለው ወሬ አለ፤ እሱ የሌለበት ቀበሌ አላውቅም። ጣሊያን መሬት ውስጥ ትቶት የሄደውን እኔ ልንገራችሁ፤ ጥይትና የመድፍ አረር ነው።

የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ የያዘው ጎንደር ላይ ነው። ወልቅፊት በመስከረም፣ ቁልቋል በር በኅዳር፣ ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እስኪወድቁ ድረስ በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች በመድፍና በአውሮፕላን ሲታረሱ ከረሙ። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ጦርነት አላጣም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መባቻ ዳባት ወረዳ ውስጥ የተደረገው ውጊያ ገና ትኩስ ነው። በእጅ የሚያዘው ይህ መሣሪያ ዓለምን የዞረውም ፈንጂ ፍለጋ ነው። ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን የሠራው ዓይነት በ1942 እ.ኤ.አ. መገባደጃ፣ ጎንደር ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ ግብፅ ኤል አላሜይን ላይ የፈንጂውን በረሃ ጠርጎ አሳልፏል። ፈንጂ አምካኝ ግን ከማሽኑ ጋር ሥልጠናና መከላከያ ልብስ አለው። የኛ ልጅ ያለው መኮትኮቻ ነው። ትልቅ፣ ሰፊና የማያቋርጥ ጩኸት ሲመጣ ለጀማሪ የሚነገረው «ትልቅ ነገር አገኘህ» ነው፤ በኛ አገር ግን «እጅህን ሰብስብ» መባል አለበት። ዙሪያውን ምልክት አድርጎ፣ ሰውና ከብት አርቆ፣ ለፖሊስ ማመልከት እንጂ ማንኳኳት የለም። ቀለህ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ከወጣ እኛ ያንን ማሳ ለቀን እንሄዳለን፤ ሦስተኛው ቀለህ በወጣ ዕለትም የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቴሪ ኸርበርት የተባለ ሥራ አጥ እንግሊዛዊ በአሮጌ ማሽን ከአንድ ገበሬ ማሳ የጥንት ተዋጊዎች ወርቅ አግኝቶ፣ በ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገምቶ ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ተካፍሎታል። ይህ ታሪክ እዚህ ድረስ እየመጣ ብዙ ጎረምሳ ያማልላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ሳያበላሽ ጠብቆ ወዲያው እንዲያመለክት ያዛል። ለወርቅ ደግሞ የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ አለ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የግንብ ፍራሽ፣ የድሮ መቃብር የማሽን ቦታ አይደሉም። ሕጉ ባይኖርስ? የሰው አጥንት ላይ ቆሞ ስክሪን ማየት ለኔ ደስ አይልም።

ታዲያ ምን ቀረ? የጠፋ ነገር መፈለግ። ለዚህ ደግሞ ርካሹ ማሽን ይበቃል።

አክስታችን ነጭ ሽንኩርት ስትነቅል የወርቅ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነበር። ማሽን መጣ ሲባል ሰምታ ላከችብን። መደቡ ከአንድ ክፍል ቤት አይበልጥም። መሣሪያውን «ሳንቲም» በሚለው ላይ አድርገን፣ ቆሻሻው ዝም እንዲል፣ ጥግ እስከ ጥግ ሁለት ጊዜ አመላለስነው። ዝም። አክስቴ ፊቷ ጠቆረ።

ማታ ሻይ እየጠጣን ነው ነገሩ የበራልን። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና ብልጭልጭ የሲጋራ ወረቀት ለማሽኑ አንድ ናቸው፤ የሚመልሱት ድምፅ ይቀራረባል። «ሳንቲም» የሚለው ትእዛዝ ወረቀቱን ዝም ሲያሰኝ ቀለበቱንም አብሮ ዝም ያሰኛል። በማግስቱ ሁሉንም እንዲጮኽ ለቀቅነው። ጮኸ፤ ሲያስለቅሰን ዋለ። ምስማር፣ ቆርኪ፣ የሲጋራ ወረቀት፣ ደግሞ የሲጋራ ወረቀት (አጎቴ ማጨስ ትቻለሁ ይል ነበር)፣ ሦስተኛ የሲጋራ ወረቀት። አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ላይ የአጎቴ ልጅ ያነሣውን ጓል በእጁ ላይ ሰበረውና ግማሹን ከሳህኑ በላይ አሳለፈው፤ ዝም። ሌላውን ግማሽ አሳለፈው፤ ጮኸ። ጓሉን በአውራ ጣቱ ሲፈረፍረው ቢጫ ክብ ጠርዝ ብቅ አለ።

አክስቴ እልልታዋን ጨርሳ፣ ቀለበቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ምራቅ ቀብታ ጣቷ ላይ አስገባችውና መደቡን ዞር ብላ አየችው። እንደ ማሳ ሳይሆን እንደ ሙጃ መነቀያ ተቆፋፍሯል።

«እሰይ ልጆቼ» አለች። «እንግዲህ ባትሪው ሳያልቅ ወደ በረቱ እንሂድ። ባለፈው ክረምት ያጣሁት ማጭድ አለ።»