ከመዛባት መሃል የሚማር መቆጣጠሪያ

የወረቀት ማሽን የሚያወጣው ወረቀት ክብደቱ እኩል ሆኖ አይዘልቅም። በውሃ የተበጠበጠው የእንጨት ቃጫ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ እንፋሎቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ቫልቩ ሲከፈት ውጤቱ በመለኪያው ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያው ሌላ መዛባት ይደርሳል።

ስዊድናዊው ካርል ዮሐን ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቢሌሩድ ፋብሪካ ይህንን ችግር ፈታ። የእሱ መቆጣጠሪያ ካለፉት ልኬቶች ተነሥቶ ከመዘግየቱ በኋላ የሚመጣውን ክብደት ይተነብያል፤ ትእዛዙም ያንን ትንበያ ያርማል። የሚቀረው ማንም ሊተነብየው የማይችለው ስሕተት ብቻ ነው። ግን የማሽኑን ባሕርይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ኦስትሮምና ቢዮርን ቪተንማርክ መቆጣጠሪያው ይህንን ባሕርይ ራሱ እየገመተ እንዲሠራ አደረጉ። የሚያስደንቀው፣ ግምቱ ከአንድ እሴት ላይ ከረጋ፣ መዛባቱ ግምቱን ቢያጣምመውም እንኳ ቁጥጥሩ ባሕርዩ ቢታወቅ ኖሮ ወደሚገኘው ምርጥ ቁጥጥር ሊደርስ መቻሉ ነው።

ሶቪየታዊው አሌክሳንደር ፌልድባውም እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ሥራ አለው፤ ይመራል፣ ይመረምራልም። ጋጋሪዋ የምጣዱን ሙቀት በማሟሻ እንደምትፈትን፣ መቆጣጠሪያውም ሥርዓቱን ትንሽ ካልነካካው ስለ እሱ የሚማረው የለም።

ትምህርቱ ግን ሊሳሳት ይችላል። ኤክስ-15 የተባለው የአሜሪካ ሮኬት አውሮፕላን የትእዛዙን ኃይል እንደ ሁኔታው የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ነበረው። ኖቬምበር 15 ቀን 1967 አውሮፕላኑ ከከፍተኛ ከፍታ ሲመለስ መሽከርከር ጀመረ። ከሽክርክሪቱ ሲወጣ ግን መቆጣጠሪያው ራሱ መወዛወዝ ጀመረ፤ አየሩ እየከበደ ሲሄድም የትእዛዙ ኃይል አልቀነሰም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ አብራሪው ማይክል አዳምስ ሞተ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በስሌቱ ያልታሰበ ትንሽ የሥርዓቱ ባሕርይ ከመዛባት ጋር ሲጣመር የሚማረውን መቆጣጠሪያ ሊያናጋው እንደሚችል አሳዩ። መፍትሔዎቹ ግልጽ ናቸው፦ ስሕተቱ ከተለመደው መዛባት ካልበለጠ ግምቱን አለመቀየር፣ ግምቱ ከታወቀ ወሰን እንዳይወጣ ማገድ።

ሕይወት የተጣለበትን መሣሪያ ለሚማር መቆጣጠሪያ ከመስጠታችን በፊት፣ መማሩን የሚገታው ወሰን ምን እንደሆነ ሠሪው በግልጽ ሊነግረን ይገባል።