ኢንሱሊን እንዴት ነጠረ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ፣ በስኳር ሕመም ከሞት አፋፍ የደረሰው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። የደሙ ስኳር ጥቂት ዝቅ አለ፤ መርፌው ያረፈበት ሥፍራ ግን አበጠ። ኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ጭማቂውን በአልኮል ካጠራው በኋላ፣ በ12ኛው ቀን መርፌው ሲደገም ታዳጊው አገገመ። መድኃኒቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ጥራቱ ነው።

ይሁንና ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ከባዕድ ፕሮቲን ፈጽሞ አልጸዳም። አንዱ ፕሮኢንሱሊን፣ ማለትም ገና ተቆርጦ ያልተስተካከለ ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ በክሪስታል መልክ ሲረጋ እርሱም አብሮ ይረጋል። የታካሚው አካል ባዕዱን ለመከላከል ይነሣል፤ መርፌ በተደጋገመበት ጭን ላይም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ እየሟሸሸ ጉድጓድ ይፈጠራል።

መፍትሔው የተገኘው ከኤሌክትሪክ ሙል ነው። የኢንሱሊን አዎንታዊና አሉታዊ ሙል የሚመጣጠነው በፒኤች 5.3 አካባቢ ሲሆን፣ ፒኤቹ ከዚያ ከፍ ሲል ፕሮቲኑ አሉታዊ ይሆናል። አዎንታዊ ሙል ባላቸው ደቃቅ ዶቃዎች የተሞላ ቱቦ ውስጥ ሲፈስም ከዶቃዎቹ ጋር ይጣበቃል። ቀጥሎ ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ የሚጨምር ውሃ ይለቀቃል። የጨው አዮኖች የፕሮቲኑን ቦታ ይሻማሉ፤ በላላ የተያዘው ቀድሞ፣ በጠበቀ የተያዘው ዘግይቶ ይወርዳል። ስልቱ አዮን ልውውጥ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ፒኤች ቀልድ አያውቅም፦ በተማሪነቴ ሳላስተካክለው ያፈሰስኩት ናሙና አንዳች ሳይያዝ ወርዶ፣ የሦስት ቀን ድካሜ በ20 ደቂቃ ከንቱ ቀርቷል።

አሜሪካውያኑ ፒተርሰንና ሶበር ፕሮቲንን ሳይጎዳ የሚይዝ ሴሉሎስ በ1950ዎቹ አዘጋጅተው ነበር። የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ በ1970ዎቹ ይህንኑ ስልት ተጠቅሞ እጅግ የጠራ ኢንሱሊን ለገበያ አቀረበ። ከመቶ እጅ አንድና ከዚያ በላይ ይደርስ የነበረው የፕሮኢንሱሊን ቅሪት በሚሊዮንኛ ወደሚለካ መጠን ወረደ፤ የቆዳው ጉድጓድም እየሳሳ ሄደ።

ከ1982 ጀምሮ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ፣ ኋላም በእርሾ መመረት ጀመረ። ወደ አገር ቤት ስንጓዝ ለዘመድ በማቀዝቀዣ ከረጢት የምንይዘው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ቱቦው ግን ከፋብሪካው አልወጣም፤ ባክቴሪያው ከኢንሱሊኑ ጋር የራሱንም ፕሮቲኖች ስለሚያመጣ፣ ዛሬም የማጥራቱ ወጪ ከማብቀሉ ወጪ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።