ከስልክ ወደ ድስት፤ ስልኩ የቤታችንን ሰው አያውቅም

“ሙያ በልብ ነው” የሚለው አባባል ለጓዳ ሥራ ተብሎ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እናቶቻችን ወጥ ያስተማሩን በወረቀት ጽፈው አይደለም። አጠገባቸው ቆመን ሽንኩርቱ ሲቁላላ አይተን፣ ቅመሙን በእፍኝና በቁንጥር ለክተን፣ “በቃ፣ አሁን ይበቃዋል” ሲሉን ሰምተን ነው የተማርነው።

ዛሬ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከአያት እስከ የካ አባዶ በየኮንዶሚኒየሙ ብትገቡ፣ ስልኩ ከበርበሬው ዕቃ ጋር ተደግፎ ቆሞ፣ ወጣቷ እናት ቪዲዮውን እያስቆመችና ወደ ኋላ እየመለሰች ስትሠራ ታገኟታላችሁ። እኔ በምኖርበት ሕንፃ የሴቶች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ጠዋት የ“እንደምን አደራችሁ” ምርቃት ይላካል፤ ቀጥሎ የዕቁብ ማስታወሻ፤ ከዚያ እስከ ማታ የምግብ ቪዲዮ ነው። የጾም ኬክ፣ ያለ ዘይት የሚሠራ ወጥ፣ “ለሕፃናት ክብደት የሚጨምር”፣ “ስኳርን ድራሹን የሚያጠፋ”።

በነርስነት ዲፕሎማ ከተመረቅሁ ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ የሠራሁት ከእናቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ነው። ስለዚህ እነዚህን ቪዲዮዎች የማያቸው በሁለት ዓይን ነው፤ በአንዱ እንደ አያት፣ በሌላው እንደ ነርስ። አያቷ ትደሰታለች። ነርሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፦ ይህን ምግብ የሚበላው ማን ነው?

ከሰው ጓዳ መማር አዲስ አይደለም

ከሌላ ሰው ሙያ መቅሰም የተጀመረው በስልክ አይደለም። የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የአገራችንን ባህላዊ ምግቦች አሠራር ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ዳንኤል ጆቴ መስፍን በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖችና ለውጭ አገር ሰዎች የእኛን ምግብ አሠራር በእንግሊዝኛ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ በውጭው ዓለም ተነቧል። በኢቢኤስ ቴሌቪዥን የጆርዳናን የምግብ ዝግጅት እያየ አዲስ ነገር የሞከረ ቤተሰብም ብዙ ነው።

እነዚህ ሁሉ ባለቤታቸው የሚታወቅ ነው፤ ቢያጠፉ ተጠያቂ አላቸው። በስልካችን የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነው። ጥሩውም መጥፎውም በአንድ ወንፊት ያልፋል። ወንፊቱን ማጥበቅ የኛ ፋንታ ነው።

የሚያስመሰግነው

ስልኩን ለመውቀስ አልተነሣሁም። በጾም ቀን ሽሮ፣ ክክና ጎመን ብቻ እየተፈራረቁ ሲሰለቹ፣ አንዷ ጎረቤቴ ከቪዲዮ አይታ ቀይ ስርን ከሽምብራ ጋር አዘጋጅታ ልጆቿ ሳህኑን ጠርገው በሉት። አትክልት አልበላም ያለ ልጅ፣ ካሮቱ ተፈቅፍቆ ከእንቁላል ጋር ሲጠበስለት ይበላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን ተገቢ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም።

የዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ድህነት ብቻ አይደለም። ሾላ ገበያ ወይም የሰፈራችን የእሁድ ገበያ ካሮቱም፣ ዱባውም፣ ምስሩም እያለ “ለሕፃን ምን ልሥራለት?” የምትል እናት ብዙ ጊዜ አጋጥማኛለች። የእኛ ዘመን እናቶች ፋፋን ያስታውሳሉ፤ እህልን ከጥራጥሬ ጋር ቀላቅሎ ለሕፃን ማብላትን ያስተማረን እሱ ነው። ዛሬ ያን ትምህርት አንዲት ጥሩ ቪዲዮ በሁለት ደቂቃ ልታስተላልፈው ትችላለች።

ለሕፃኑ

ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ያሉትን ቪዲዮዎች ስታዩ እነዚህን አራት ነገሮች ፈልጉ።

አንደኛ፣ ማር። ብዙ የውጭም የአገር ውስጥም ቪዲዮ “ስኳር አንጠቀምም፣ በማር እናጣፍጠው” ይላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ጀርም በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻውን ያዝለዋል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹንም ሊያስቆም ይችላል። ማሩን ማፍላት ይህን ጀርም አይገድለውም። እዚህ ላይ እኛ አያቶችም እንስማ፤ ለአራስ ልጅ ማር ወይም ቅቤ ማስላስ ከስልክ የመጣ ሳይሆን ከእኛው የወረደ ልማድ ነው፤ እሱም ይቅር።

ሁለተኛ፣ ጨውና ስኳር። ዓመት ላልሞላው ልጅ ምግብ ላይ ሁለቱም አይጨመሩም። ለእኛ አፍ አልጫ የሆነው ለእሱ ጣፋጭ ነው።

ሦስተኛ፣ ቅጥነት። በጡጦ የሚጠጣ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ገንፎው ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ የሚያንቅ ነገር። ሙሉ ለውዝ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ነው። ለውዙ በጥሩ ሁኔታ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይቀላቀል፤ የሻገተ ለውዝ ግን ይጣል እንጂ አይፈጭም።

ለአያትና ለአባት

ለአዋቂ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህም ከበርበሬው፣ ከሽሮው፣ ከዳቦውና ከወጡ የሚገኘው ሁሉ ተደምሮ ነው። ቪዲዮው ላይ ሴትዮዋ ጨው ትጨምራለች፣ ከዚያ የሾርባ ማጣፈጫ ኪዩብ ትጨምራለች፣ መጨረሻ ላይ ሶያ ሶስ ታፈስሳለች። ይህ ሦስት ጊዜ ጨው ማለት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው በቤት ካለ ኪዩቡንና ሶያ ሶሱን ትታችሁ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮሰረትና በሎሚ አጣፍጡት። ሎሚው ሌላም ጥቅም አለው፤ አዚፋ ላይ ሲጨመቅ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል።

“ስኳር የለውም” የሚባል ኬክ ሲመጣ ደግሞ ውስጡን እዩ። ተምር፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ካለበት ስኳር አለው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ብርቱካኑን ጨምቆ ከሚጠጣ ልጦ ቢበላ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን እንደ መድኃኒት የሚላከው ምግብ ነው። በእኛ ሕንፃ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት አሉ፤ ለዓመታት የስኳር ኪኒን ይወስዳሉ። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው፣ ቅጠል ተቀቅሎ ጠዋት በባዶ ሆድ ቢጠጣ ስኳርን እንደሚያጠፋ የሚናገር ቪዲዮ ላከችላቸው። እሳቸውም በደስታ ጀመሩ፤ ኪኒኑንም “ካሁን በኋላ ምን ያደርግልኛል” ብለው ተዉት። ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆዩ ቡና ልጠጣ ገባሁ። አንዱን ስኒ ሳንጨርስ ውኃ ሦስት ጊዜ አስቀዱ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ወደ ሽንት ቤት ሄዱ፤ የሸሚዛቸውም አንገት ሰፍቷቸዋል።

“ጋሼ፣ ኪኒንዎን ይወስዳሉ?” አልኳቸው።

“ሲስተር፣ እሱን እንኳ ልጄ ገላግላኛለች” አሉኝ።

መለኪያዬን አምጥቼ ብለካቸው 390 አለ። ያኑ ዕለት ወንድ ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ዛሬ ደህና ናቸው። ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ሐኪማቸውንም ጠይቀው ቅጠሉን አንዳንዴ እንደ ሻይ ይጠጡታል። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም፤ በፍቅር ነው የላከችው። ቪዲዮው ግን አባቷን አያውቃቸውም። “ኪኒንዎን እንዳያቆሙ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አብራ ብትሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ “ደም ያጠራል” የሚባለውን የቅጠላ ቅጠል ጁስ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠጣ። በውስጡ ያለው ፖታሲየም ለጤነኛው ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለደከመ ኩላሊት ግን ሸክም ይሆናል፤ የልብን ምት እስከ ማዛባት ይደርሳል።

ቦሌ ባሕር ዳርቻ አይደለችም

“እንደተባለው ሠርቼ ኬኩ መሐሉ ሰመጠ” የምትል ወጣት አትዘን፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኬክ ቶሎ ይነፋና ሳይጸና ይወድቃል። በቆላ አገር የተዘጋጀ አሠራር ሲገጥማችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንሱ፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ወይም ወተት ጨምሩ። የአሜሪካ አሠራር 350 ዲግሪ ቢል በእኛ ኦቨን 175 ገደማ ነው፤ በእነሱ “አንድ ኩባያ” የሚባለውም 240 ሚሊ ሊትር ነው።

ውኃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው “40 ደቂቃ” ያለው ቦሎቄ በእኛ ቤት አይበስልም። አዳሩን ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ ተፍለቅልቆ እስኪፈርስ ይቀቀል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። በጥሬ እንቁላል የሚመታ ማዮኔዝም ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ አይቅረብ።

ስትልኩ እንዲህ ላኩ

እኛ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሥርዓት አበጅተናል። ማንም ምግብ ሲልክ ሦስት ነገር አብሮ ይጽፋል፦ መጠኑን በማንኪያና በብርጭቆ፣ ራሱ ሠርቶ የቀመሰው መሆን አለመሆኑን፣ እና ለማን እንደማይሆን። መጀመሪያ ላይ “ሲስተር ፈተና አወጣችብን” ብለው ሳቁ። አሁን ግን “ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም” የሚለውን ሳይጽፍ የሚልክ ሰው የለም።

ለምሳሌ እኔ የላክሁት ይህ ነው፤ ዘጠኝ ወር ገደማ ለሆነው ልጅ ሁለት ጊዜ የሚበቃ ገንፎ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ትንሽ ካሮት፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። ካሮቱን ፈቅፍቆ በግማሹ ውኃ እስኪለሰልስ መቀቀል። ዱቄቱን በቀሪው ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጨመርና በዝግታ እሳት እያማሰሉ 15 ደቂቃ ማብሰል፤ በጣም ከጠጠረ ጥቂት የፈላ ውኃ ማከል። የተመታውን እንቁላል ጨምሮ ፈጽሞ እስኪበስል ማማሰልና ዘይቱን መጨረሻ ላይ ማግባት። ጨው የለውም፤ ስኳር የለውም። እንቁላል ቆዳውን የሚያሳክከው ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ከሆነ አይሆንም። የተረፈው በክዳን ተሸፍኖ ፍሪጅ ይገባል፤ ሲሰጥ እንደገና በደንብ ይሞቃል።

አያቶች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አንሁን። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን የሽሮ አወጣጥን ከማያውቁት ሰው የሚማሩት እኛ ስላልነገርናቸው ነው። ለስልክ ሥራ የልጅ ልጃችን ትርዳን፤ እኛ እፍኛችንን በማንኪያ እንለካ፤ ድምፃችንን ቀድተን እንላክ። በርበሬው ከየት ተገዝቶ እንዴት እንደሚቀመም፣ ድልሁ መቼ እንደሚገባ፣ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤታችን ውስጥ ጨው የተከለከለው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ልጅ ምን እንደማይስማማውም የምናውቀው እኛ ነን።

በሚቀጥለው እሁድ አንድ አዲስ ምግብ ከስልክ መርጣችሁ ሥሩ። ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት ግን በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡትን አንድ በአንድ በሐሳባችሁ ቁጠሯቸው፤ ታናሹንም ታላቁንም። ለሁሉም የሚሆን ከሆነ ጣዱት፤ ለአንዱ የማይሆን ከሆነ የእሱን ለይታችሁ አውጡለት። መልካም ገበታ።